ዘር የነበረ ስንዴ

ጋሽ ገለታ የተቀበረው በተወለደበት በጌዶ ነው። ወሬውን የነገረኝ የነቀምቴ አውቶቡስ ረዳት ነበር። አምቦ መናኸሪያ ቆሜ ሻይ ስጠጣ "ያ ስንዴ የሚያኝከው ሰውዬህ አረፈ እኮ" አለኝ። ብርጭቆዬን አስቀመጥኩና በዚያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቀብሩ ላይ መዘምራኑ በኦሮምኛ አሳምረው ዘመሩ፤ በዚህ ቅር አላለኝም። ያቃጠለኝ ከመሥሪያ ቤት ተልኮ የሕይወት ታሪኩን ያነበበው ሰው ነው። "ለእናት አገራችን የግብርና ዕድገት የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ያበረከቱ" አለ። የበኩላቸውን! የት እንደተማረ፣ የትኞቹን ስብሰባዎች እንደተካፈለ፣ ከማን ማንን እንደወለደ ሁሉ ተነበበ። ስለ ስንዴው ግን አንዲት ቃል የለችም። ግራና ቀኜን አየሁ፤ የቀረ ነገር አለ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ የአምቦ እርሻ ጽሕፈት ቤት ሾፌር ነበርኩ። አብዮቱ ከፈነዳ ጥቂት ዓመት በኋላ ጀምሮ እሱ ከአምቦ እስኪዛወር ድረስ በአንዲት አሮጌ ላንድሮቨር አብረን ዞረናል። ሌላው ካልተናገረ እንግዲህ እኔ ልናገር።

መጀመሪያ ሳየው አልወደድኩትም። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የሰብል ባለሙያ ተመድቦልናል ሲባል፣ ሱፍ የለበሰ፣ ሽቶ የሚሸት ሰው ነበር የጠበቅሁት። የመጣው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የቀረ ሱሪ ያደረገ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደፊት ቀስሮ የሚሄድ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ ጉደር ስንወርድ ጨዋታ ለመጀመር ያህል "ዘንድሮ ክረምቱ ይከብዳል ይባላል" አልኩት። ዞር ብሎ አየኝና፣

"ማን አየ?" አለኝ።

"ምኑን ጋሼ?"

"ገና ያልመጣውን ክረምት። ማን አይቶ መጣ?"

ጉደር እስክንደርስ በሆዴ ስሰድበው ነበር።

ኋላ ነገሩ ሲገባኝ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ ብቻ የወጣ አልነበረም። ለአለቃውም፣ ለካድሬውም፣ ለገበሬውም ያው ነው። ካድሬው "ሰፊው ሕዝብ ማዳበሪያውን በደስታ ተቀብሎታል" ሲል "ማን አየ?" ይለዋል። ገበሬው "ይህ መሬት ባቄላ አይወድም" ሲለው በኦሮምኛ "ኤኙቱ አርጌ?" ይላል፤ ያው ማን አየ ማለት ነው። ገበሬው ግን እንደ ካድሬው አይቆጣም። "አባቴ" ይላል፣ "እኔ ራሴ ዘርቼ" ይላል፣ ከዚያ ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። የመንደር ልጆች ላንድሮቨሯን ከሩቅ ሲያዩ "ኤኙቱ አርጌ መጣ" እያሉ ይሮጡ ነበር።

ኪሱ ሁልጊዜ እህል አለው። ስንዴዋን በፊት ጥርሱ ይሰነጥቃል፣ መዳፉ ላይ ተፍቶ ያያታል፣ ያሸታታል፣ መልሶ ያኝካታል። ባለቤቱ ወይዘሮ ሌንሴ አምቦ አስተማሪ ነበረች፣ ሳቂታ። አንድ ክረምት ሱሪውን አጥባ አስጥታው ዝናቡ አላስነሳ ብሏት ሲቆይ፣ ኪሱ ውስጥ ስንዴ በቅሎ አገኘች። ሱሪውን ይዛ ጎረቤቱን ሁሉ እየዞረች አሳየች። እሱ ምን ቢላት ጥሩ ነው? "የትኛው ኪስ ነው? የግራው ከሆነ የጌዶው ዘር ነው፣ ቶሎ ይበቅላል።"

መንገድ ላይ አንዳንዴ ሲከፈት ደግሞ ማቆሚያ የለውም። "ከበደ፣ እኛ ድሃ የሆንነው ሰነፍ ስለሆንን አይደለም" ይለኛል። "ዘንድሮ ያወቅነውን ከርሞ አናገኘውም። አባትየው ያወቀው ከአባትየው ጋር ይቀበራል። ኤክስፐርቱ ያወቀው ከኤክስፐርቱ ጋር ይዛወራል። ሌላው አገር ትናንት ካቆመበት ይቀጥላል፣ እኛ በየዓመቱ ሀ ብለን ነው።"

"ትራክተር ቢመጣ ግን ጋሼ..."

"ትራክተር በገንዘብ ይገዛል። ይህን አፈር የሚያውቅ ዘር የት ነው የሚሸጠው?"

እኔ ለትራክተሩ ነበር የማደላው፤ መኪና ነክ ስለሆነ።

ከዚያ ዋግ የመጣበት ዓመት ሆነ። ዋግ ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ነው፤ የስንዴውን ቅጠልና አገዳ ይለብሰውና ፍሬው ሳይሞላ ያደርቀዋል። ማሳ አቋርጠህ ስትወጣ ሱሪህ ሸክላ ሲያቦካ የዋለ ሰው ሱሪ ይመስላል። ከጊንጪ ታጥፈን ወደ ደንዲ ስንወጣ ግራና ቀኙ ቀይ ነበር። አንዲት ቀበሌ ደርሰን አዴ ጫልቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ አጠገብ አቆምን። ሴትየዋ ድንበሩ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን በእጇ ይዛ ማሳዋን ታያለች። ጋሽ ገለታ ሰላምታ ሰጥቷት ወደ ስንዴው ገባ።

ገባ እንግዲህ፣ አልወጣም። ምሳዬን በላሁ፣ መኪናው ውስጥ አሸለብኩ፣ ነቃሁ፣ አሁንም ጎንበስ ብሎ ይሄዳል። አዴ ጫልቱ ወደኔ መጥታ በኦሮምኛ "ይሄ ሰው ጤነኛ ነው?" አለችኝ።

"እኔም እሱን ነው የማጣራው" አልኳት።

ወዲያው "ከበደ! ና እይ!" ብሎ ጮኸ። ሲጮህ ሰምቼው ስለማላውቅ እባብ የነደፈው መስሎኝ ሮጥኩ። በዚያ ሁሉ ቀይ መካከል ጥቂት የስንዴ አገዳዎች ምንም ሳይነኩ፣ አረንጓዴ እንደሆኑ ቆመዋል። አንዱን ቅጠል በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገና ጣቱን አሳየኝ፤ ንጹሕ ነው። ከዚያ አጠገቡ ያለውን አሸው፤ ጣቱ ቀላ።

"ይህን ዘር ከየት አመጡት?" ብሎ ጠየቃት።

"ከየት አመጣዋለሁ? እናቴም ይህንኑ ነበር የምትዘራው።"

"ድብልቅ ነው እኮ።"

"ስንዴ ነው" አለች አዴ ጫልቱ፣ ትዕግሥቷ እያለቀ።

አገሬው ከጥንት ጀምሮ አደባልቆ የሚዘራው ስንዴ ነበር፤ በዚያ ድብልቅ ውስጥ ዋግ የማይነካው አንድ ዓይነት ተደብቆ ኖሯል። ዛላዎቹ ሲደርሱ ተመልሰን መጣን፤ አንድ በአንድ ለቅሞ በመሐረቡ ቋጥሮ ደረቱ ኪስ ውስጥ አደረጋቸው። እስከ አምቦ ድረስ እጁን ከደረቱ ላይ አላነሳም።

የዚያን መሐረብ ነገር ዓመት በዓመት ነው ያየሁት። መጀመሪያ የጎመን መደብ በምታህል ቦታ ዘራው። ቀጥሎ የማሳ ጥግ ያዘ። የቀበሌው ገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ኦቦ ቱፋ ረጋ ያለ፣ የተከበረ ሰው ነበር፤ "መሬት ከእኛ፣ ዕውቀት ከእርስዎ" ብሎ ከማኅበሩ መሬት ቆርሶ ሰጠው። ጋሽ ገለታ በራሱ ዓይን ብቻ አያምንም። የማሳውን ግማሽ በገበሬው ዘር፣ ግማሹን በእሱ ዘር ጎን ለጎን ያዘራና፣ አጨዳ ሲደርስ ሽማግሌዎቹን አውድማው ላይ ሰብስቦ "ፍረዱ" ይላቸዋል። እነሱ እንደ እርቅ ሸንጎ ተቀምጠው ይፈርዳሉ። ሴቶቹ ደግሞ ዳቦውን ጋግረው፣ ቆሎውን ቆልተው ይፈርዳሉ። ከዚያ በፊት ከሌላ ቦታ የመጣ አጭር ስንዴ ተሰጥቷቸው ነበር፤ ምርቱ ጥሩ ነው፣ ግን ለከብት የሚሆን ገለባ የለውም፣ ዳቦውም በማግስቱ ይደርቃል፤ ስለዚህ ጣሉት። ባለሥልጣኖቹ "ገበሬው ኋላ ቀር ነው" አሉ። ጋሽ ገለታ ግን "ልክ ናቸው" አለ። የአዴ ጫልቱ ስንዴ ገለባም ነበረው፣ ዳቦውም ይጣፍጣል። ፍርዱ ለእሱ ሆነ።

ስንዴው ጎተራ ሲሞላ አዴ ጫልቱ ቁናዋን ይዛ መጣች።

"ለዘር አንድ ቁና ስጠኝ፣ ኢልማ ኮ።" ልጄ ማለቷ ነው፤ በዕድሜ እናቱ ትሆናለች።

"አንድ ዓመት ይታገሡኝ፣ አዴ ጫልቱ።"

"ከኔ ማሳ አይደለም የተገኘው?"

"ነው።"

"ታዲያ?"

"ዋግ በመጣበት ዓመት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ማየት ማየት አይደለም። ደግሞ አሁን በየሰው እጅ ከገባ ከሌላው ጋር ይደባለቅብኛል። ከርሞ ለሁላችሁም እሰጣለሁ።"

ቁናዋን ራሷ ላይ ደፍታ ሄደች። እኔ መኪና ውስጥ "ጋሼ፣ አንድ ቁና ምን ይጎዳል?" አልኩት።

"ከተደባለቀ ስንት ዓመት የለፋነው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው" አለ። ስለ ሥራው አልከራከረውም ነበርና ተውኩት። ስንዴው በሙሉ በማኅበሩ ጎተራ ተቆለፈበት፣ ቁልፉ ኦቦ ቱፋ ጋ ሆነ።

በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ለሴሚናር ተጠራ። ርዕሱን አልረሳውም፣ በትልቅ ጨርቅ ተጽፎ አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ "ዕውቀትን መሠረት ያደረገ ልማትና የኢኮኖሚ ዕድገት በታዳጊ አገሮች" ይላል። አድርሼው ተመለስኩና ከሳምንታት በኋላ ላመጣው ሄድኩ። ከአዳራሹ ሲወጣ ያንን ሰው አላወቅሁትም። ፊቱ በርቷል። ሌሎቹ ከመጽሐፍ ሲያነቡ እሱ ተነሥቶ ስለ ደንዲው ስንዴ ተናገረ። አጨበጨቡለት። አንድ ትልቅ ባለሥልጣን "ይህን መጥተን በዓይናችን እናየዋለን፤ ያየነው ከሆነ ለሌላውም አውራጃ ይዳረሳል" አለው። በዓይናችን እናየዋለን! ለእሱ ከዚህ የበለጠ ምን ይባላል? ልዑካኑ በሚቀጥለው ሳምንት ሊመጡ ቀጠሮ ተያዘ።

ሆለታ ላይ ቆመን ዳቦ በላን። መንገዱን ሙሉ በኦሮምኛ መዝሙር ዘመረ፤ ድምፁ ደግሞ ለዘፈን አይሆንም። ጊንጪ ስንደርስ "አምቦ ነገ ይደርሳል፣ ወደ ደንዲ እጠፍ፣ ለኦቦ ቱፋ ልንገረው" አለኝ።

ቀበሌው ስንደርስ እልልታ ጠበቀን። ሰው ሁሉ ወጥቷል፣ አንድ እንጨት ላይ አዲስ ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል። ጋሽ ገለታ የሴሚናሩን ወሬ የሰሙ መስሎት ፈገግ አለ። ኦቦ ቱፋ ቀርቦ ሁለት እጁን ያዘና "አኮሩን፣ ኦቦ ገለታ" አለው። "አድነውናል። ፈጣሪ ያድንዎት።"

"ምን ሆናችሁ?"

"ኮታው። ሰምተው የለም እንዴ?"

ኮታ ማለት በየዓመቱ ማኅበሩ ለመንግሥት መሸጥ ያለበት እህል ነው። ማሳው ሰጠ አልሰጠ የሚጠይቅ የለም። ካቻምና ጎድሎባቸው ኦቦ ቱፋ ጊንጪ ታስሮ ነበር፤ ሰዉም በሬውን እየሸጠ ከገበያ ስንዴ ገዝቶ አስረክቧል። ዘንድሮም ጎደለ። ኦቦ ቱፋም በደስታ ይተርክልን ጀመር። "መኪናው መጥቶ ቆመ። ተመካከርን። የእርስዎን ስንዴ ከጎተራው አወጣን። መዛኙ ደነገጠ። እንክርዳድ የለው፣ ድንጋይ የለው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። በአውራጃው አንደኛ ወጣን። ባንዲራውን እዩት።"

ጋሽ ገለታ ባንዲራውን አላየም። "ሁሉንም ሰጣችሁ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ሁሉንም። ጎተራውን ጠርገን።"

"የራሳችሁ ስንዴስ?"

"የራሳችንን እንብላ እንጂ" አለ ኦቦ ቱፋ፤ ሰዎቹ ሳቁ። "የእርስዎ የመንግሥት ነው። መንግሥት ስንዴ አምጡ አለ፤ የመንግሥት ስንዴ አለን። የመንግሥትን ለመንግሥት ሰጠን፣ በሬ አልተሸጠ፣ ሰው አልታሰረ።"

"ሽምብራውን ከኮታ ትደብቁት የለ? ይህን ለምን አልደበቃችሁትም?"

ኦቦ ቱፋ በጥያቄው ተገረመ። "የተመዘገበ ነገር እንዴት ይደበቃል? ስንት እንደሆነ በየዓመቱ ለጽሕፈት ቤቱ የሚያስታውቁት እርስዎ አይደሉም?"

ያን ጊዜ ነው የፊቱ መብራት ሲጠፋ ያየሁት። ዞር ዞር ብሎ አዴ ጫልቱን ፈለጋት። ከሴቶቹ መካከል ወጣች።

"እርስዎ ጋስ ትንሽ እንኳ የለም? ከአውድማ የተረፈ?"

"ከልክለኸኝ የለም እንዴ?" አለች። ለመውጋት ብላ አልነበረም፤ የተጠየቀችውን መመለሷ ነው።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። እርጎ አመጡለት፣ ተቀብሎ ጠጣ። "በሬዎቻችሁ ተረፉ፣ ጥሩ ነው" አላቸው። መኪና ውስጥ ሲገባ ብቻ "ጊንጪ፣ ከበደ፣ በፍጥነት" አለኝ። በዚያ ጥቁር አፈር ጭቃ ላይ እንዴት እንደነዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ጊንጪ ያለው የእህል መጋዘን ጠባቂ ወፍራም፣ ደግ ሰው ነበር። በሩን ከፈተልን። ስንዴው በከረጢት አልነበረም፤ ከአውራጃው ሁሉ የመጣው ወለሉ ላይ ተዘርግፎ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል።

"የዚያ ቀበሌ የትኛው ነው?" አለ ጋሽ ገለታ።

"ጋሼ፣ ስንዴ ነው። ሁሉም ስንዴ ነው። ገሚሱማ ዛሬ ጠዋት ለዱቄት ፋብሪካ ተጭኖ ወጥቷል።"

ምናልባት ሆለታ ላይ ዳቦ ስንበላ አጠገባችን አልፎ ይሆናል። ጋሽ ገለታ ጫማውን አውልቆ ክምሩ ላይ ወጣ። ስንዴ ዘግኖ አንድ አንዱን በጥርሱ ይሰነጥቅ ጀመር። "ይሄ ነው... ይሄ አይደለም... ይሄ ይመስላል..." ኪሱን ይሞላል። ጠባቂው ወደኔ ጠጋ ብሎ "ምን ጠፍቶት ነው?" አለኝ። እኔም እንዴት ላስረዳው? አንድ ዓይነት ከመሰለ የስንዴ ክምር ውስጥ አንድ ዓይነት ስንዴ ጠፋው ልበል? ጥቂት ቆይቶ ጋሽ ገለታ መልቀሙን ተወና ክምሩ ላይ ተቀመጠ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

"ለአዴ ጫልቱ አንድ ቁና ብሰጣት ኖሮ" አለ። ሌላ ምንም አላለም።

ልዑካኑ በቀጠሯቸው መጡ። ባዶውን ጎተራ በዓይናቸው አዩ። በግ ታርዶ ነበር፣ በሉ። ያ ትልቅ ባለሥልጣን እጁን እየታጠበ "ሐሳቡ ግሩም ነው፤ በፕሮጀክት መልክ ተጽፎ ይቅረብልን" አለ። ጋሽ ገለታ የዘር እህል ከኮታ ነፃ ይሁን ብሎ ለአለቆቹ አመለከተ። ካድሬው አስጠርቶ "ጓድ ገለታ፣ ኮታውን ነው የሚቃወሙት?" አለው። ሲወጣ ከንፈሩ አመድ መስሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። ይመጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ከክምሩ የለቀማትን ስንዴ ጓሮው ዘራት፤ እሷን ብቻ ያያል። እኔ በዝምታው ስለተጨነቅሁ አንድ ቀን ሆን ብዬ "ዘንድሮ ዋግ ይመጣል ይባላል" አልኩት። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር።

"ይሆናል" አለኝ፣ ወደ መስኮቱ እያየ።

እውነትም መጣ። ወይዘሮ ሌንሴ እንደነገረችኝ፣ ጓሮ የተዘራው ስንዴ አንድም ሳይቀር ቀላ። በጥርሱ የለየው ሁሉ ሌላ ዘር ነበር።

ዋጉ በበረታበት ሰሞን አዴ ጫልቱ አምቦ ድረስ መጣች። አርጅታለች። በዚያን ጊዜ ሰዉ በመንደር ምሥረታ ከየማሳው ተነሥቶ በመስመር በተሠሩ ጎጆዎች ሰፍሮ ነበር። የጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ቆማ "ማል ጎና፣ ኢልማ ኮ? ምን እናድርግ? ማሳዬ እንደዚያን ጊዜው ቀላ። ና ፈልግልኝ" አለችው።

"አዴ ጫልቱ፣ የእናትዎ ስንዴ አሁን አለ?"

"የት አለ። በላነው፣ ለኮታ ሰጠነው። አሁን የምንዘራው ከገበያ ነው፣ ሁሉም ያንኑ ነው የሚዘራው።"

"ድብልቁ ከሌለ ምኑን እፈልጋለሁ?"

"አንተ ብቻ ፈልግ" አለች።

ሄድን። ማሳው ውስጥ ገባ፤ ጎንበስ ብሎ፣ እንደ ድሮው። ጥቂት ቆይቶ ኦቦ ቱፋ ገባ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሴቶቹ። ማንም ያዘዘ የለም። መላው ቀበሌ በቀዩ ስንዴ ውስጥ ጎንብሶ አንድ ያልቀላ አገዳ ይፈልጋል። እኔም ገባሁ። ፀሐይ ወደ ጌዶ ስታዘቀዝቅ የሁላችንም ልብስ እስከ ጉልበት ቀይ ነበር።

ኦቦ ቱፋ ማሳው ዳር፣ አጥሩ ሥር፣ ተንበርክኮ ቀረ። ሄድን። አንዲት አረንጓዴ አገዳ ቆማለች። ጋሽ ገለታ ቁጭ ብሎ ቅጠሏን በአውራ ጣቱ አሸ፣ ግንዷን ወደ ሥሩ ወርዶ አየ። ቀና ሲል ሰዉ ሁሉ ከብቦት ቆሟል። አዴ ጫልቱ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች።

"ይህችን ጠብቁልኝ" አላቸው።

ኦቦ ቱፋ ወዲያው እሾህ ሊቆርጥ ሄደ። ወደ መኪናው ስንሄድ ደስታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ "ተገኘች አይደል ጋሼ?" አልኩት። በሩን ዘጋና አስፋልቱ ላይ ስንወጣ ወደኔ ዞረ።

"ዘግይታ የበቀለች ናት" አለኝ። "ሕፃን ስለሆነች ነው አረንጓዴ የሆነችው። በሳምንቱ ትቀላለች።"

"ታዲያ ለምን ጠብቁልኝ አልካቸው?"

"ምን ልበላቸው፣ ከበደ?"

ብዙም ሳይቆይ የዝውውር ደብዳቤው መጣ፤ ወለጋ፣ የቢሮ ሥራ። ሸኘሁት፣ አቅፎኝ ሄደ። በዚያው ሰሞን ማዳበሪያ ጭኜ በደንዲ በኩል ሳልፍ መኪናዋን አቁሜ ወረድኩ። አገዳዋን በእሾህ ዙሪያዋን አጥረዋታል። አዴ ጫልቱ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ ጠጠር በጭኗ ይዛ ወፍ ትጠብቃለች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። አገዳዋ ከሥር እስከ ዛላዋ ቀልታለች፣ ፍሬዋም ባዶ ነው።

"አዴ፣ ቀልታለች እኮ" አልኳት በኦሮምኛ።

"አውቃለሁ" አለች።

"ታዲያ ምኗን ይጠብቃሉ?"

"እሱ መጥቶ እስኪያያት።"

ወለጋ መዛወሩን ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። አንዲት ወፍ አጥሩ ላይ አረፈች፤ አዴ ጫልቱ ጠጠር አንሥታ ወረወረችባት።